የሲሬን ጭስ ያስቆምኩ ሰሞን

ከወለጋ ከተመለስኩ ጀምሮ የጉለሌ ጎረቤቶቼ በየበሩ እየያዙ «እስቲ ያየኸውን አውራን» ይሉኛል። እነሱ ወደዚያ የሚሄዱበት ጉዳይ ስለሌላቸው አገሩን ከእኔ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ችግሩ እኔም አገሩን አለማየቴ ነው። ከወጣሁባቸው አሥራ አምስት ቀናት ስምንቱን ያሳለፍኩት ጭስ ስመለከት ነው። ስለዚህ ያየሁትንም ያላየሁትንም እንደ ቀኑ ቅደም ተከተል ልጻፈውና ልገላገል።

ሥራዬ ካርታ ለሚሠሩ ሰዎች የተራራ ማዕዘን መለካት ነው። አንድ ሰው አንዱ ተራራ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ማዶ ካለው ተራራ ላይ ይወጣል። በየተራ የፀሐይዋን ብርሃን በመስታወት ወደ ማዶ እየመታን አንዱ የሌላውን ብልጭታ በማጉሊያ መነጽር ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ይለካል። ለእያንዳንዳችን ሦስት ጥሩ ጠዋት ይበቃል። ኃላፊያችን ከወንበራቸው ሳይነሡ በመስኮት ወደ ሰማይ አዩና «ሚያዝያ ነው። ዝናብ የለም። ዝናብ ከሌለ ደመና የለም፤ ደመና ከሌለ ሁሉም ይታያል» ብለው ፈረሙልን። ከዚያ መስኮት ሲታይ ነገሩ ልክ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከጓዴ ከተክሌ ጋር በአውቶቡስ ተነሣን። ተክሌ በሥራ ዘመንም በቁጣም ይበልጠኛል። የመነጽሩን ሣጥን ጣራ ላይ ማስጫን ክልክል ስለሆነ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንደ ሕፃን ታቅፈን ተቀመጥን። አጠገቤ የነበሩት እናት ሣጥኑን ደጋግመው አዩና «ልጄ፣ ምንድን ነው የታቀፍከው?» አሉኝ።

«መነጽር ነው እናቴ።»

«ይህን የሚያህል! ምን ያህል ቢብስብህ ነው!» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ እስከ ሆለታ ድረስ «ይኸውልህ፣ ይኼ በሬ ነው፤ ይኼ ደግሞ የሣር ክምር ነው» እያሉ በመንገዱ ዳር ያለውን ሁሉ ይነግሩኝ ጀመር። ላርማቸው ሞክሬ ነበር፤ ተክሌ ግን ሳቁን አፍኖ «ተዋቸው ኃይሉ፣ ይጽናኑበት» አለኝ። ሲወርዱ ዓይኔን ባርከውኝ ሄዱ። ያን ቀን አምቦ አደርን። ቁንጫው ከጉለሌው የሚለየው በጉልበቱ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጌዶን አልፈን መንገዱ ወደ ቆላ ሲያዘቀዝቅ ሾፌሩ በኩራት «አሁን የባኮን ሜዳ ታያላችሁ» አለ። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተንጠራራን። ከታች የሚታየው አጥሚት የሞላበት ድስት ይመስል ነበር፤ ሜዳ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ዛፍ የለ።

«የታለ?» አለ ተክሌ።

«እዚያው ነው፤ ከሥሩ» አለ ሾፌሩ። «ለዳጉሳ ምንጣሮ እያቃጠሉ ነው። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ ያነሣዋል።»

ተክሌ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔም የጭሱ ባለቤት የሆንኩ ይመስል አንገቴን ደፋሁ። ተክሌ አኖ ከተማ ላይ ሲወርድ፣ እሱ ከዚያ በላይ ባለው ተራራ፣ እኔ ደግሞ ከሲሬ በላይ ባለው ኮረብታ ሆነን በየቀኑ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት እሱ መስታወቱን ሊመታ፣ ከአራት እስከ አምስት እኔ ልመታ ተስማማን። ያየ ሰው ሦስት ጊዜ ብልጭ አድርጎ ያስታውቃል። «እንግዲህ እንዳትተኛ» ብሎኝ ሄደ። ሁልጊዜ የሚሰናበተኝ እንዲሁ ነው።

እኔ የፈቃድ ደብዳቤ ለመቀበል እስከ ነቀምት መዝለቅ ነበረብኝ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ በአማርኛ ይሳደባሉ፣ በኦሮምኛ ይመርቃሉ፣ ሁለቱንም ሲያደርጉ ሳህኑን መሙላት አያቆሙም። ረቡዕ ጠዋት ከበራቸው ቆሜ ቁልቁል ሳይ ከተማዋ ኮረብታዋ ላይ ቀርታለች፤ ሸለቆው ግን እስከ አፉ ጭስ ሞልቷል። እኛም ጉለሌ ጠዋት ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ አለን። ግን የእኛ ጭስ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ይኼ የእነ እገሌ ቤት ነው፣ ቅጠሉ እርጥብ ነው ትላለህ። የወለጋው ጭስ ያገር ነው። ማንን ትቆጣለህ?

ደብዳቤውን የጻፉልኝ ሹም ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እናንተ ጋ ጥቅምት የሚባል ወር የለም እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም እንደ ተማሪ አስቀምጠው አስረዱኝ። ክረምት አየሩን አጥቦ ስለሚተወው ጥቅምት ላይ ከዚህ ሆኖ የማዶውን ጎጆ መቁጠር ይቻላል። ጥር ላይ ብርዱ ጭሱን ጠዋት ጠዋት ሸለቆ ውስጥ ያስተኛዋል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ተነሥቶ ይሄዳል። አሁን ግን አገሩ ሁሉ ስለሚነድ ጠዋትም ማታም አይነሣም። «ደብዳቤውን እጽፍልሃለሁ፤ ጭሱ ግን ማንበብ አይችልም» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጥቅምት ላይ ለመምጣት ኃላፊያችንን ማሳመን ጭሱን ከማሳመን እንደሚከብድ ስለማውቅ ነው።

ሐሙስ ወደ ሲሬ ተመለስኩና በበቅሎ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። በቅሎዋ ሣጥኑን አልወደደችውም፤ ሁለት ጊዜ እሾህ ውስጥ አስገባችን። ከላይ ስደርስ ከወገብ በታች አቧራ፣ ከወገብ በላይ ጥቀርሻ ነበርኩ። እንደዚያ ሆኜ ነው ኦቦ ዋቅጅራ የተቀበሉኝ። ኦቦ ዋቅጅራ የኮረብታው ባላገር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ከመናገራቸው በፊት ወደ ሰማይ የሚያዩ ሰው። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳይከፍቱት መለሱልኝ።

«አከም ጅርታ ጎፍታ?» አሉኝ፤ ደህና ነህ ጌታዬ ማለት ነው። «ወረቀቱ ይቆይ። መጀመሪያ ግባ፣ ብላ።»

የክብር እንግዳ የሚቀመጠው ከምድጃው አጠገብ ነው። ቤቱ ጭስ መውጫ የለውም። ሚስታቸው አዴ ጫልቱ በቅቤ የራሰ ጩምቦ አቀረቡልኝ፤ ይህን የመሰለ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ጉለሌ ቢኖር ኖሮ የሰፈራችን ጠብ ሁሉ በቀረ ነበር እላለሁ። ግን አንዱን ጉርሻ ሳላምጥ እንባዬ በጉንጬ ይወርድ ጀመር። አዴ ጫልቱ አይተው ደነገጡና ለባላቸው በኦሮምኛ ሹክ አሉ።

«እናቱ ናፍቀውት ነው፣ ትላለች» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ። «አይዞህ።»

ጭሱ ነው እንዳልል አፈርኩ። ናፍቆቱ እንዲቀልልኝ ብለው ወደ እሳቱ ይበልጥ አስጠጉኝ።

ዓርብና ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ቆሜ በመነጽሩ ማዶውን ስፈልግ ዋልኩ። ጠዋት ጭሱ ልክ በእኛ ትከሻ ቁመት ይተኛል። እኩለ ቀን ላይ ሲሞቀው ይነሣና የቀረውን ይሸፍናል። ከሰዓት ነፋስ ሲመጣ ይጠርጋል ብዬ ተስፋ ሳደርግ፣ ነፋሱ የዚህን ወስዶ የጊዳ አያናን ይሆን የሌላ አገር ያመጣልኛል። ዓርብ ዕለት ብልጭታ አየሁ ብዬ ጮኼ ነበር፤ የአንድ ሰው አዲስ ቆርቆሮ ሆኖ ተገኘ። የቆርቆሮውን ማዕዘን ለክቼዋለሁ፤ መዝገቤ ላይ አለ።

እሑድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ፤ አሁን ሳስበው የቢሮ ሰው ብቻ የሚያስበው ሐሳብ ነው። በእኔና በማዶው መካከል ያለውን ተዳፋት ተመለከትኩ። የኦቦ ዋቅጅራና የሰባት ጎረቤቶቻቸው ምንጣሮ እዚያ ተከምሯል፤ ግማሹ ነድዷል፣ ግማሹ ሰኞ ሊለኮስ ነው። ሣጥኔ ላይ ተደግፌ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላ፣ የሚጋርደኝ ይኸው ጭስ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረስኩ። ሄጄ ሁለት ቀን ብቻ እሳት እንዳይለኩሱ ለመንኳቸው።

ኦቦ ዋቅጅራ ወደ ሰማይ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ።

«ምንጣሮው ዝናብ ሳይነካው መንደድ አለበት፣ ጎፍታ» አሉ። «ዳጉሳ አመድ ላይ ነው የሚዘራው። ከራሰ አይነድም። ካልነደደ አረሙ ይቀድመናል።»

«ሁለት ቀን ብቻ ነው ኦቦ። ደግሞ ዝናብ የታለ?»

ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ንግግሩ ሁሉ በኦሮምኛ ስለነበር የተከታተልኩት በፊታቸው ነው። አንደኛው ተነሥቶ ሰማዩን በጣቱ አሳየ፤ ሌላው እኔን አሳየ። በመጨረሻ ኦቦ ዋቅጅራ መጥተው «ኤዬ። እሺ ብለናል» አሉኝ። እኔ ደብዳቤው የሠራ መሰለኝ። ደብዳቤውን ግን ማንም አልከፈተውም ነበር። በዚያ ኮረብታ ቤት ገብቶ የበላ እንግዳ የመጀመሪያውን ነገር ሲለምን አይከለከልም፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ሰኞ ከእንቅልፌ ስነሣ የምድጃውም እሳት ጠፍቷል። አዴ ጫልቱ ጭስ ተከልክሏል የተባለውን ለቤትም ጭምር አድርገው ወስደውታል፤ በስምንቱም ቤት እንዲሁ። ሰው ሁሉ የትናንት አንጮቴ በብርዱ ይበላል። አንጮቴ ትኩስ ሲሆን ከድንች የሚበልጥ ሥር ነው፤ ሲበርድ ግን ግድግዳ እንደመብላት ነው። «የምድጃው አይጎዳም፣ ለኩሱት» ብል ኦቦ ዋቅጅራ «ሕግ ሕግ ነው» ብለው የራሳቸውን ድርሻ ቀዝቃዛውን ገመጡ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ፒፓቸውን ባዶውን ነክሰው መጥተው እያዩኝ ተቀመጡ፤ ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም።

ጭሱስ? ንቅንቅ አላለም። ኮረብታችን አላጨሰም፤ የሌላው ሰው ሁሉ ኮረብታ ግን ያጨሳል። ያሰላሁት ለስምንት ቤት ነው፤ አየሩ ግን ያገሩ ሁሉ ነበር። ማክሰኞም እንደዚያው። በአሥር ሰዓት ገደማ መነጽሬን እየከተትኩ ሳለ ከምዕራብ በኩል ጥቁር ነገር ሲመጣ አየሁ። ጭስ ነው ብዬ ንቄ ተውኩት። ከዚያ አንጎደጎደ።

«ቦካን ዱፌ!» እያለ ኮረብታው በሙሉ ይሮጥ ጀመር፤ ዝናቡ መጣ ማለት ነው። ሰዎቹ ሣርና ቅጠል እየያዙ ምንጣሮውን ሊሸፍኑ ወረዱ። እኔም ሣጥኔን ይዤ ሮጥኩ፤ ግን ወደ ቤት። አንድ ሰዓት ያህል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

ረቡዕ ጠዋት ከበር ስወጣ አገር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ አየር አይቼ አላውቅም። ማዶው ተራራ እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስላል፤ ዛፉ ተለይቶ ይታያል፤ አምስት ሸንተረር ከሱ ኋላ ተደርድሯል። በሦስት ሰዓት የተክሌ መስታወት እንደ ኮከብ ብልጭ አለ። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፣ ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረግኩለት፣ ኮፍያዬን ወረወርኩ። «ተሳካ!» እያልኩ ኦቦ ዋቅጅራን ላበሥር ቁልቁል ሮጥኩ።

ምንጣሯቸው መካከል ቆመው አገኘኋቸው። አንድ ቅርንጫፍ አንሥተው ሲጨምቁት ውሃ ወረደ።

«ታየ?» አሉኝ።

«ታየ ኦቦ! ጭሱ ጠፋ!»

«ዝናብ ነው የጠረገው» አሉ። «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ሦስት አራት ቀን ሁሉም ይታያል። ብናቃጥልም ባናቃጥልም።»

የጣልኩት ኮፍያ ጉብታው ላይ ነው፤ አናቴ ግን የዚያን ጊዜ ነው የበረደኝ።

«ይህን ያውቁ ነበር?»

«ማን የማያውቀው አለ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ እንዳታቃጥሉ አልከን። መቼ ይታያል ብለህ አልጠየቅከንም።» የተናገሩት ያለ ቁጣ ነው፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ጎፍታ ሰው የሚያውቅ መሰለን።»

የአንድ ዓመት ዳጉሳቸውን፣ ያውም የስምንት ቤት፣ በአንድ ወረቀት ስሌት አበስብሼባቸዋለሁ። እዚያው ቆሜ ሳፍር የእኔ ተራ የነበረው ሰዓት አለፈ፤ ለተክሌ መስታወት መምታቱን ረሳሁት። ስለዚህ እሱ ያን ቀን ከሦስቷ ብልጭታ በቀር የሚለካው አላገኘም።

ከሰዓት በኋላ ደቦ ተጠራ። ምንጣሮውን ከመሬት እያነሡ፣ እያራገፉ፣ ለፀሐይ በትንንሽ ክምር ማቆም ያስፈልግ ነበር። እኔም ኮቴን አውልቄ ገባሁ። ዕድሜዬን እርሳስ ያነሣ እጅ እስከ ማታ ድረስ ሰባት ቦታ ተላጠ። ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ለሥራዬ ወደ ጉብታው እወጣለሁ፤ የተክሌን እለካለሁ፤ ለእሱም መስታወቴን እመታለሁ፤ ማየቱን በብልጭታው ያስታውቀኛል። ከዚያ ወርጄ ክምር አዞራለሁ። ያ ፒፓቸውን የነከሱ ሽማግሌ ዓርብ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ፤ «አያያዝህ መጥፎ ነው» አሉኝ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ዓርብ ማታ የእኔ ሦስት ጠዋት ሞልቷል። የተክሌ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱን ያጎደልኩበት እኔው ነኝ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት መስታወቴን ካየ ይጨርሳል፤ ካላየ ለዚያች ለአንዲት ጠዋት ሲባል ከክረምት በኋላ ሌላ ሰው ይላካል፣ ሁለታችንም ኃላፊያችን ፊት እንቆማለን።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከምዕራብ ደመናው ተነሥቷል። ክምሩ ከላይ ደርቋል፣ ከሥሩ ገና ነው። ጤዛው የሚረግፈው በአራት ሰዓት ነው። ኦቦ ዋቅጅራ ሰማዩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉብታው ላይ የተተከለውን መስታወት አዩ። ጎረቤቶቹ ችቦ ይዘው ይጠብቃሉ።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ጎፍታ ማለታቸውን መቼ እንደተዉት አላስተዋልኩም። «ሥራህ ካላለቀ እንጠብቅሃለን። እስከ አምስት ሰዓት።»

ደመናውን አየሁት። እስከ አምስት ሰዓት የሚጠብቅ ደመና አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቁታል። ወደ ጉብታው ወጣሁና መስታወቱን ነቅዬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ክዳኑንም ቆለፍኩ።

«አልቋል ኦቦ። ለኩሱት» አልኳቸው።

ሥሩ እርጥብ የሆነ ምንጣሮ ሲነድ እንዴት እንደሚያጨስ ያላየ ሰው ጭስ አየሁ አይበል። ያን ሰሞን በወለጋ ያየሁት ጭስ በሙሉ ተሰብስቦ የእኛን አያህልም። ከአንዱ ክምር ወደ አንዱ በጉልበቴ እየዳህኩ እፍ እላለሁ፤ ቅንድቤ ተለበለበ፤ እንባዬ ሲወርድ አዴ ጫልቱ ከሩቅ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ጉብታውን ሸፈነ፣ ከዚያ ተዘርግቶ ማዶውን ጋረደው። ሰባት ሰዓት ላይ ተዳፋቱ አመድ ለብሷል። ስምንት ሰዓት ላይ ዘነበ። ኦቦ ዋቅጅራ በረንዳ ላይ ቆመው ዝናቡ አመዱ ውስጥ ሲሰርግ ያዩ ነበር፤ ትከሻዬን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። ምድጃው ይነድ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

እሑድ በዝናቡ ምክንያት በቅሎዋ አልወርድም ብላ ዋለች። ሰኞ አንድ ቅል ማር ተሸክሜ ሲሬ ላይ አውቶቡስ ያዝኩ። አኖ ላይ ተክሌ ገባ፤ ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጀመረ።

«አንዲት ጠዋት! አንዲት ጠዋት ነው የቀረችኝ! ቅዳሜ መነጽሬ ላይ ተደፍቼ አንተን ስጠብቅ አንድ የተረገመ ሰው ከኮረብታህ ላይ እሳት ለቀቀ። ኃይሉ፣ እንዲያ ያለ ጭስ በሕይወቴ አላየሁም! ሰው ነው እንዲያ የሚያደርገው?»

«ትልቅ ጭስ ነበር» አልኩት።

«አይተኸዋል? ሰውየውን?»

«አይቼዋለሁ።»

ከኪሱ ደብተርና እስክርቢቶ አወጣ። አውቶቡሱ ያንገጫግጨናል፤ እሱ ግን ቁጣውን ጽፎ ካላስቀመጠ አይበርድለትም። «ለኃላፊያችን በስሙ ነው የማመለክተው። ንገረኝ፤ ስሙን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ። ጻፍ» አልኩት። «ኃይሉ ደስታ።»

የመጀመሪያውን ስም ጨርሶ የአባቴን ሲጀምር ነው እስክርቢቶው የቆመው።